ሊማሊሞን በሰው ትከሻ የወጣህ ዕለት

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን እነሆ ዓመት ሊሞላ ነው። ነሐሴ ተመልሶ መጥቷል። ጉሙ እንደ ልማዱ ከገደሉ ሥር እየተነሣ ድብ ባሕርን ቤት በቤት ያለብሳታል። እማዬ በሩን ከፍታ ትቆምና፣ ምንም የሚታይ ነገር ባይኖርም፣ ወደ ገደሉ አቅጣጫ ትመለከታለች። እኔ አንተ በሠራሃት የደጅ መደብ ላይ ተቀምጫለሁ። የምጽፍልህ ናፍቆቴን ልነግርህ ብቻ አይደለም፤ እሱን ታውቀዋለህ። አንድ ያላየኸው ነገር አለ። የተቀበርክበትን ቀን የከተማው ሰው ሁሉ አይቶታል፤ ያላየኸው አንተ ብቻ ነህ። ይህ ሁልጊዜ ይቆጨኛል፤ እንደዚያ ያለውን ነገር አሳምሮ የሚያወራ ከአንተ ሌላ ሰው አልነበረንማ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ላውራልህ። እማዬ ደህና ናት፤ ብርድ ሲሆን ጉልበቷን ያማታል እንጂ ሌላው ሸጋ ነው። ላሚቱ በጥር ወለደች፤ ጥጃዋ ቡሬ ናት፤ ከጓሮው ጎመን የሚያስጥላት አልተገኘም። የሚያፈሰውን ጣራ ወንድሜ ፈንታሁን ከደባርቅ ቆርቆሮ ጭኖ መጥቶ ቀየረው። ሚስማሩን ሲመታ አንተን ይመስል ነበር፤ ምላሱን በከንፈሩ ዳር ያወጣል፣ ልክ እንዳንተ። ሐጂ ኑሩ ሱቃቸውን ለልጃቸው ለቀዋል፤ ግን ጠዋት ጠዋት በደጃችን ሲያልፉ እማዬን «አለምነሽ፣ እንዴት አደርሽ?» ሳይሏት አያልፉም። እኔም ከጎንደር ተዛውሬ እዚሁ እያስተማርኩ ነው። ይህን ስትሰማ «ምነው ልጄ፣ ከዚያ ሁሉ ከተማ ወጥተሽ?» እንደምትለኝ አውቃለሁ። እነግርሃለሁ፤ ታገሠኝ።

ያረፍከው ጎሕ ሲቀድ ነው። ፍልሰታ ነበር። እኔ ትምህርት ቤት ተዘግቶልኝ ላስታምምህ ከመጣሁ ቆይቻለሁ። እማዬ እጅህን ይዛ ነበር፤ ትንፋሽህ ሲቆም እጅህን ደረትህ ላይ አድርጋ ነጠላዋን አለበሰችህ። ከዚያ ነው ወደ ውጭ ወጥታ የጮኸችው። ዝናቡ እንደዚያ እየጣለ፣ ጩኸቷ እንዴት ከዚያ ሁሉ ሰው ጆሮ እንደደረሰ አላውቅም፤ ግን ሻይ ለመጠጣት እንኳ በማይበቃ ጊዜ ውስጥ ግቢው ሞላ።

ቃልህን ሁላችንም እናውቀው ነበር። ስንት ጊዜ ነገርከን! «ስሞት ከናቴ አጠገብ፣ ከገደሉ አናት፣ ጊዮርጊስ ቅበሩኝ» ትል ነበር። እማዬም እሺ ብላሃለች። በደህናው ጊዜ ነገሩ ቀላል ነበር፤ ማኪና ይለመናል፣ ሊማሊሞን ዞሮ ዞሮ ይወጣል፣ ከደባርቅ ወዲህ ያለው ትንሽ የእግር መንገድ ነው። ያን ሰሞን ግን ናዳ ወርዶ መንገዱን ብዙ ቦታ ቆርጦት ነበር። አንተ ዕድሜህን ሙሉ ዶማና አካፋ ይዘህ የጠረግከው ያ መንገድ፣ አንተ በታመምክበት ክረምት ማኪና ቀርቶ ፍየል የማያሳልፍ ሆነ። ከላይ ወደ ታች የሚሄዱት የጭነት ማኪኖች ከናዳው በፊት ወርደው ስለነበር፣ ወደ ላይ መመለስ አቅቷቸው ከተማዋ ውስጥ ተደርድረው ቆመዋል። ደባርቅ ላለው ለፈንታሁን ደወልኩለት። «አባዬ…» ብዬ ገና ሳልጨርስ ገባው፤ ከዚያ ኔትወርኩ ጠፋ።

ቄሱ ተነሥተው፣ «አፈሩ ሁሉ የእግዚአብሔር ነው። እዚሁ ማርያም ብናሳርፈው ማንም አይወቅሰንም» አሉ። እውነታቸውን ነው። ሰውም ራሱን ነቀነቀ። እማዬ ከተገነዘው አስከሬንህ አጠገብ ተቀምጣ መሬት መሬት ታያለች። «እኔ ቃል ሰጥቼዋለሁ» አለች በመጨረሻ፤ «ግን በዚህ ዝናብ ሰውን ገደል ውጣልኝ ብዬ አለምንም። የሰው ልጅ እግሩ ቢንሸራተትስ? በምን አፌ ለእናቱ እነግራለሁ?»

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ነው ልነግርህ የፈለግኩት።

አያ ጓዴን ታውቃቸዋለህ፤ ከገደሉ ወገብ ላይ፣ ተዳፋቱ ላይ የሚያርሱት፣ ከሰው ጋር ብዙም የማይነጋገሩት። ከበሩ አጠገብ ቆመው ነበር። የረጠበ ጋቢያቸውን አወለቁና ጠምዝዘው ጨመቁት። «አዛናው ለስንቱ መንገድ ሲከፍት ኖሯል» አሉ። «ዛሬ ለሱ መንገድ የሚከፍት ይጥፋ እንዴ?»

ቀጥሎ ሐጂ ኑሩ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «የድሮው የነጋዴ መንገድ አለ። አያቶቼ ጨው የጫነ በቅሎ ያወጡበት ነው። በቅሎ ከወጣው ሰው ይወጣዋል» አሉ፤ ወዲያው ወደ ልጃቸው ዞረው «ሱቁን ዝጋና ና» አሉት። አባዬ፣ በዚያች ቃል ቤቱ ተነሣ። አንዱ ለቃሬዛ የሚሆን እንጨት ሊቆርጥ ሮጠ፣ አንዱ ሰሌን አመጣ፣ ሴቶቹ ቆሎና ዳቦ ይቋጥሩ ጀመር። እማዬን ማንም እሺ ወይ ብሎ አልጠየቃትም።

አንተ ስለዚች ከተማ ስታወራ እኔ ገና ሕፃን ሆኜ ተረት ይመስለኝ ነበር። ማኪና ሳይኖር በፊት፣ ከጎንደር ወደ ቀይ ባሕር የሚወርደው ነጋዴ ገደሉን ጨርሶ እፎይ የሚለው እዚህ፣ ከባሕር የሚመጣውም ከመውጣቱ በፊት በቅሎውን የሚያሳርፈው እዚህ ነበር፤ ከነዚያ ነጋዴዎች አንዳንዶቹ ደክሟቸው ቀሩ፣ የሐጂ ኑሩ ዘሮች እነዚያ ናቸው ትል ነበር። ከዚያ ጣልያን መጣና ገደሉን በድማሚት እየፈረካከሰ ጠመዝማዛውን መንገድ ሠራ። ድንጋይ የሚጠርበው፣ አፈር የሚሸከመው ከየአገሩ ተሰበሰበ። ጣልያን ሄደ፤ ድንኳኑ ተነቀለ፤ ሰዉ ግን ጎጆ ቀልሶ ቀረ። ኋላ ደግሞ አንተ መጣህ፤ ከአናቱ ላይ ገብስ ከሚበቅልበት መንደርህ ለመንገድ ጥገና ሥራ ብለህ ወርደህ፣ ማሽላ ከሚበቅልበት አገር እማዬን አገባህ። «ድብ ባሕር ማለት መውጣት ያቃተውና መውረድ የሰለቸው ሰው ከተማ ናት» እያልክ ታስቀን ነበር። ያን ቀን ያንን ሁሉ ሰው፣ የነጋዴውን ዘር፣ የድንጋይ ጠራቢውን ዘር፣ የደገኛውንና የቆለኛውን ልጅ፣ በአንድ ቃሬዛ ሥር አየሁት። ተረት አልነበረም።

ከቤት ስትወጣ ዝናቡ ትንሽ ጋብ ብሎ ነበር። ከተማዋን በዋናው መንገድ አቋርጠን ስናልፍ የቆሙት ማኪኖች ሾፌሮች ኮፍያቸውን አውልቀው ከየጋቢናቸው ወረዱ። ጎሚስታ ቤቱ ደጅ ላይ አንድ ወፍራም ሾፌር «ማን ነው የሞተው?» ብሎ ጠየቀኝ። «አያ አዛናው፣ የመንገድ ሠራተኛው» አልኩት። «ያ ረጅሙ? ቀይ ፎጣ ጭንቅላቱ ላይ የሚያስረው?» አለ። አዎ አልኩት። ማኪናው ላይ ወጥቶ የጭነት ገመዱን ፈታ፣ ጠቅልሎ ትከሻው ላይ አደረገና ከኋላችን ተከተለ። ሌሎቹ ሾፌሮችም እሱን አይተው መጡ። ስማቸውን እስከ ዛሬ አላውቅም። ከየት አገር እንደመጡ እንኳ አልጠየቅናቸውም።

የነጋዴው መንገድ ከማሽላው ማሳ አልፎ ጫካው ውስጥ ይገባል። እስከዚያ ድረስ ደህና ነበር። ሰዉ እየተቀባበለ፣ ቄሱ በየማረፊያው ፍትሐት እያደረሱ፣ ቀስ እያልን ወጣን። ከጫካው በላይ ግን ገደሉ ራሱ ነው። አባዬ፣ እኔ እዚህ ተወልጄ ያንን ገደል ከሥሩ ሆኜ ስንት ዓመት አየሁት፤ ግድግዳ ነበር የሚመስለኝ። ሆዱ ውስጥ ስትገባ ግን ሌላ አገር ነው። ውኃው ከየስንጥቁ እየፈነዳ ይወርዳል፣ ጉሙ ይመጣና የፊትህን ሰው ይሰውርብሃል፣ መልሶ ሲገለጥ ከእግርህ ሥር የትየለሌ ባዶ ታያለህ። ደረጃ የሚመስሉት ድንጋዮች መሐላቸው በበቅሎ ኮቴ ተቦርቡሮ ጎድጓል። እጄን ጎድጓዳው ውስጥ አስገብቼ ነካሁት፤ ለስላሳ ነው፣ እንደ ሙቀጫ ውስጥ። ድንጋይን እንደዚያ እስኪሆን ድረስ ስንት ትውልድ ረግጦት ይሆን?

ሐጂ ኑሩ በምርኩዝ ከመንገዱ ዳር እስካለው ምንጭ ድረስ ወጡ። እዚያ ሲደርሱ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። «አዛናው፣ ወንድሜ፣ ከዚህ በላይ ጉልበቴ አልፈቀደልኝም» አሉህ፤ ለአንተ ነው የተናገሩት፣ ለእኛ አይደለም። ከዚያ ልጃቸውን ጠርተው በርሳቸው ቦታ ከቃሬዛው ሥር አስገቡት፤ እርሳቸው እዚያው ቀርተው እጃቸውን ዘርግተው ይለምኑልህ ጀመር። ዞር ብዬ ሳያቸው ጉሙ እስኪውጣቸው ድረስ እጃቸው አልወረደም።

ጠባቧ ማለፊያ ላይ ስንደርስ ግን ሁሉም ነገር ቆመ። መንገዱ በአንድ ሰው ልክ ሆነ፤ በአንድ ወገን ቋጥኝ፣ በሌላው ባዶ። ከላዩ ደግሞ ጎርፉ ያወረደው ጭቃ ሸፍኖታል። ቃሬዛውን በአራት ሰው ማሳለፍ አይቻልም። ወንዶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዱ «ቢቀርስ? ከዚህ ብንመለስ ማንም አይፈርድብንም» ሲል ሰማሁት። እማዬም ሰማችው። ሄዳ ከቃሬዛህ አጠገብ ቆመችና «ወገኖቼ፣ እስከዚህ ማምጣታችሁ ለእኔ በቂ ነው። እንመለስ» አለች። ከልቧ ነበር።

አያ ጓዴ እንዳልሰሙ ሆኑ። ጫማቸውን አውልቀው ባዶ እግራቸውን በጠባቧ ላይ አለፉ፤ ጭቃውን በእጃቸውና በዱላቸው እየዛቁ ወደ ባዶው ጣሉት፤ ከሥሩ ያለውን ድንጋይ እስኪያገኙ ድረስ። ያ ሾፌር ገመዱን ወረወረላቸው። ማዶ ካለች የወይራ ግንድ ላይ ጠመጠሙት፤ በዚህ በኩል ሾፌሮቹ ተደርድረው እግራቸውን ተክለው ያዙት። ቃሬዛህን ከገመዱ ጋር አሰሩ፤ ሁለት ሰዎች ከፊትና ከኋላ ሆነው፣ ጀርባቸውን ለቋጥኙ ሰጥተው፣ አንተን ወደ ባዶው ወገን አድርገው አንድ አንድ ጫማ እየሄዱ አሳለፉህ። መሐል ላይ ስትደርስ የኋለኛው ሰው እግር ተንሸራተተ። ቃሬዛው ዘመም አለ። ገመዱ ሲወጠር የጮኸው ጩኸት አሁንም በጆሮዬ አለ። ሾፌሮቹ ባንድ አፍ «ያዝ! ያዝ! ያዝ!» አሉ። ያዙት። ማንም አልወደቀም። ማዶ ስትደርስ አያ ጓዴ ቃሬዛህን በክንዳቸው አቀፉት፤ እማዬ ደግሞ እንደ ሕፃን ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ ከሞትክ ጀምሮ ያንጊዜ ነው ያለቀሰችው።

ትንሽ እንደወጣን ከላይ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ የሰው ጥሪ ሰማን። «ኧረ እናንተ! አዛናውን የያዛችሁ!» ይላል። ፈንታሁን ነበር። ኔትወርኩ ሲጠፋበት፣ ቃልህን ስለሚያውቅ በድሮው መንገድ እንደምናወጣህ ገምቶ ወደ መንደርህ ሮጦ፣ ሰዉ ከጉብታ ጉብታ እየተጠራራ ወሬውን አዳርሶት፣ ደገኛው የበግ ፀጉር ባናውን ደርቦ ሊቀበልህ እየወረደ ነው። ጉሙ ሲገለጥ ገደሉ ላይ ተሰልፈው አየኋቸው፤ ሽማግሌ ሳይቀር። ፈንታሁን ግንባሩን ቃሬዛህ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ።

ከዚያ ያልጠበቅነው ሙግት ተነሣ፤ አንተ ብትሰማው ሆድህን ይዘህ በሳቅክ። ደገኞቹ «እናንተ ደክማችኋል፣ ስጡን፣ የኛ ሰው ነው» አሉ። የኛዎቹ ቃሬዛውን አልለቀቁም።

«የናንተማ ነበር» አለ የሐጂ ኑሩ ልጅ፤ «ስንት ዘመን ከኛ ጋር ኖሮ የኛ ሆኗል!»

«እትብቱ የተቀበረው እዚህ ላይ ነው!» አሉ አንድ ሽማግሌ ከላይ።

«ጥርሱ የረገፈው እኛ ጋ ነው!» አሉ አያ ጓዴ። እኒያ ዝምተኛው አያ ጓዴ! ሰው በእንባው መሐል ሳቀ። በመጨረሻ ሁለቱም ወገን አልለቅም ስላሉ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ገደል ደገኛና ቆለኛ፣ ክርስቲያንና እስላም፣ ነዋሪና መንገደኛ እየተጋፋ አንድ ላይ አወጣህ። እኔ ከኋላ ሆኜ ቃሬዛህን አየው ነበር። ሰው የያዘው እንኳ አይመስልም፤ በሰው ራስ ላይ እንደሚንሳፈፍ ነበር የሚሄደው።

አናቱ ላይ ስንወጣ ዝናቡ ጨርሶ ቆመ፤ ፀሐይ በምዕራብ በኩል ከደመናው ብቅ አለች። ጭላዳዎቹ ሣሩ ላይ ተቀምጠው ያዩን ነበር። ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ያን ጊዜ ያየሁትን እንዴት ልንገርህ? የመጣንበት ቆላ ሁሉ የለም። ከእግሬ ሥር እስከ ሰማይ ዳር ድረስ ነጭ ጉም ተኝቶ ነበር፤ ምንም አይነቃነቅም፤ የተራሮቹ ጫፎች ብቻ እንደ ደሴት ብቅ ብቅ ብለዋል። ባሕር ነበር። ከተማችን፣ ቤታችን፣ የቆሙት ማኪኖች፣ ከምንጩ ዳር የቀሩት ሐጂ ኑሩ፣ ሁሉም ከዚያ ባሕር ሥር ናቸው። የከተማዋን ስም ያወጣላት ሰው እዚህ ቆሞ መሆን አለበት ብዬ አሰብኩ። ትክክል ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ማንንም አልጠየቅኩም። ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። በጎንደር የግንቡ አጥር አጠገብ ስኖር ሰው ከስንት አገር መጥቶ ድንጋይ እያየ አፉን ሲይዝ አይ ነበር። እኔም ያን ቀን አፌን ያዝኩ። እንደ ሰው የሚያስደንቅ ነገር ግን እስከ ዛሬ አላየሁም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ጊዮርጊስ፣ ከእናትህ አጠገብ፣ ከጽድ ዛፎቹ ሥር አሳረፍንህ። እስላሞቹ እስከ አጥሩ በር ድረስ ተሸክመውህ መጥተው፣ እዚያ ለቀሳውስቱ አስረከቡህ፤ ቀብሩ እስኪያልቅ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ጠበቁ። ከዚያ መንደርተኛው «በዚህ ጭቃ ማንም አይወርድም» ብሎ ሰዉን ቤት ለቤት ተከፋፈለው። ጾም ስለሆነ በየቤቱ የቀረበው ሽሮና ድንች ነበር፤ አንድ ማዕድ ለሁሉም ሆነ። ያ ወፍራም ሾፌር ከእኛ ጋር ነበር። ፈንታሁን «አባቴን ከየት ታውቀዋለህ?» ብሎ ጠየቀው። «አላውቀውም» አለ፤ «ባለፍኩ ቁጥር ግን አካፋውን ከፍ አድርጎ ሰላም ይለኝ ነበር። በዚህ መንገድ ላይ ሰላም የሚለኝ እሱ ብቻ ነበር።» ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ድንቹን መላጥ ቀጠለ።

አባዬ፣ ከጎንደር ለምን እንደተመለስኩ አሁን ገብቶሃል። ማንም አላስገደደኝም። እማዬ ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ ነው ብል ግማሹን ነው የተናገርኩት። ተማሪዎቼ ስለ ሩቅ አገር ተራራና ስለ ሩቅ አገር ሰው ሲማሩ፣ እኔ በመስኮቱ ወደ ገደሉ እያሳየሁ አባቶቻቸውና አያቶቻቸው ምን እንዳደረጉ አወራላቸዋለሁ። አንዳንዴ አያምኑኝም። ወደ ቤት ሄደው ይጠይቁና በማግሥቱ «መምህርት፣ አባቴም ቃሬዛውን ተሸክሞ ነበር» ብለው ይመጣሉ። ያን ጊዜ የሚሰማኝን ደስታ ብታየው!

ሙት ዓመትህ ደርሷል። መንገዱ ተጠግኗል፤ አዲስ የመጡት ሠራተኞች ናዳውን አንሥተው ማኪናው እንደ ድሮው ይወጣል ይወርዳል። እማዬ በጉልበቷ ምክንያት በማኪና ትመጣለች፤ ፈንታሁን ከደባርቅ ይቀበላታል። እኔ ግን በእግሬ ነው የምመጣው፤ ዘንድሮም፣ ከርሞም፣ ጉልበት እስካለኝ ድረስ። በማኪና ብመጣ የማየው መስኮቱን ነው። በእግሬ ስወጣ ግን ማን የት ላይ ደክሞት እንደተቀመጠ፣ ማን የት ላይ ከሥርህ እንደገባ፣ የማን እግር የት ላይ እንደተንሸራተተና ማን እንደያዘው፣ ሁሉንም በየቦታው አገኘዋለሁ። አንተን የማስታውስህ እንዲህ ነው አባዬ፤ ከተሸከሙህ ሰዎች ጋር አብሬ። ጠብቀኝ፤ እየመጣሁ ነው።

ልጅህ የሺ
ድብ ባሕር